አርበኛ፣ ግዞተኛ፣ ስደተኛ፦ የአምስቱን ዓመት የቤተሰብ ታሪክ ከወሬ ወደ ማስረጃ የማምጣት መመሪያ

«አያታችን አርበኛ ነበሩ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። የት ዘመቱ፣ በየትኛው ዓመት፣ የማን ጭፍራ ሆነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወሬው እዚያው ይቆማል። በ1928 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዓይኑ ያየ ምስክር ከእንግዲህ ብዙ አይገኝም። የቀረው ከአባቱና ከእናቱ የሰማ ልጅ፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት፣ በሮምና በለንደን መዝገብ ቤቶች የተኛ ሰነድ ነው። ሦስቱን ማገናኘት ይቻላል፤ ሥራው ትዕግሥት እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም።

አስቀድሞ ልብ ማለት የሚገባው፣ ጣልያን አገራችንን የወረረበት ይህ ጦርነት ለኢትዮጵያ የጀመረው ሌላው ዓለም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከመግባቱ አራት ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑን ነው። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ አገሩ ብዙ ቦታ ተበተነ። አንዱ ዱር ቤቴ አለ፣ አንዱ ከተማ ውስጥ ሆኖ ለአርበኛው ጥይትና ወሬ አቀበለ፣ አንዱ ተይዞ ወደ ዳናኔና ወደ ኖክራ እስር ቤቶች ወይም ባሕር ተሻግሮ ወደ ጣልያን ተጋዘ፣ አንዱ ወደ ኬንያ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ፣ አንዱ ደግሞ ከጠላት ጋር አደረ። አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሊሆን ይችላል። «አርበኛ ነበሩ» በሚለው አንድ ቃል ብቻ ፍለጋ የሚጀምር ሰው ግማሹን መንገድ ዘግቶ ነው የሚነሣው።

መጀመሪያ ሦስት ችካል

ማንኛውንም መዝገብ ቤት ከማንኳኳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ ቦታ፣ ዘመን፣ አለቃ። ተራው ወታደር በጣልያንም በእንግሊዝም ሰነድ ውስጥ በስሙ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አለቃው ግን ይገኛል። ሰነዱ «እገሌ የተባለው ሹም ከ300 ተከታዮች ጋር በእገሌ ወንዝ አጠገብ ታይቷል» ይላል፤ አያታችሁ ከ300ዎቹ አንዱ ናቸው። ስለዚህ የምትፈልጉት የአያታችሁን ስም ሳይሆን ያዘመታቸውን ሰው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ወራት ሙሉ በአያቱ ስም ሲፈልግ ቆይቶ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

ቦታውን በዛሬው ወረዳ ስም አትጻፉ። ያን ጊዜ ይጠራ በነበረበት ስም፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በደብሩ፣ በወንዙና በገበያው ስም ያዙት። «ሰሜን ሸዋ» ብዙ አይጠቅምም፤ «ከጀማ ወንዝ ወዲህ፣ ከእገሌ ማርያም በታች፣ ከማክሰኞ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ» ግን በአሮጌ ካርታ ላይ በጣት ይነካል።

ዘመኑን ማስተካከል

ከሁሉ ይልቅ ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ በእኛ ዓመት ላይ 7 ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ 8። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ማግሥት ነው። 1927 እና 1931 ዘመነ ሉቃስ ነበሩ፤ ስለዚህ 1928 እና 1932 የገቡት በፈረንጅ መስከረም 11 ሳይሆን መስከረም 12 ነው። በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ አንድ ቀን ይዛባል። ለምሳሌ ጣልያን መረብን የተሻገረበትን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 በተለመደው ስሌት ብታሰሉት መስከረም 23 ይመጣላችኋል፤ ትክክለኛው 22 ነው። የአንድ ቀን ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ግን የቴሌግራም መዝገብ ቀን በቀን ስለሚቀመጥ ተሳስታችሁ የሌላ ቀን ወረቀት ስታገላብጡ ትውላላችሁ።

ሽማግሌዎች ዓመት በቁጥር አይናገሩም፤ በወንጌላዊ ይናገራሉ። 1928 ዮሐንስ፣ 1929 ማቴዎስ፣ 1930 ማርቆስ፣ 1931 ሉቃስ፣ 1932 እንደገና ዮሐንስ፣ 1933 እንደገና ማቴዎስ ነው። ወጥመዱ ይታያችኋል? «በዘመነ ማቴዎስ በየካቲት» ያሉ ሰው በ1929 ግራዚያኒ አዲስ አበባን ስላስጨፈጨፈበት ወር ወይም በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ወደ መሐል አገር ሲመጡ ስለነበረው ወር ሊሆን ይችላል የሚናገሩት። የሚለየው ተከታይ ጥያቄ ነው፦ «ያኔ ጃንሆይ አገር ውስጥ ገብተው ነበር ወይስ ገና በስደት ነበሩ?»

ወሬውን የምታስሩባቸው ቀኖች እነዚህ ይሁኑ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928፤ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ የወጡት ሚያዝያ 24፤ አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928፤ የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ፍጅት ግንቦት 1929፤ ጣልያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀው ሰኔ 3 ቀን 1932፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933፤ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፤ ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጅ የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934። የሚሰማ ወሬ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ፊት ወይም ኋላ ይወድቃል። «ልጁ የተወለደው ጴጥሮስ ከተገደሉ በኋላ በፍልሰታ ነው» ማለት ነሐሴ 1928 ነው፤ እንዲህ ያለች አንዲት አረፍተ ነገር ሙሉ ቤተሰብ ታስተካክላለች።

የጣልያን ሰነድና ፎቶግራፍ ደግሞ የራሱ ዘመን አለው። ከቀኑ አጠገብ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው የፋሺስቱ ዓመት ነው፤ የሚለወጠውም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ነው። 14ኛው ዓመት ከኦክቶበር 28 ቀን 1935 እስከ ኦክቶበር 27 ቀን 1936፣ 15ኛው የሚቀጥለው ነው። ጀርባው ላይ ሌላ ምንም የሌለበት ፎቶ ይህች ቁጥር ካለችበት ዓመቱ ታውቋል ማለት ነው።

እንዴት እንደሚጠየቅ

«ስለ አርበኝነት ይንገሩን» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ከሬዲዮ የሰሙትን ነው የሚነግሯችሁ። ከቤት ጀምሩ። «እማማ፣ አባባ ሲሸፍቱ ማን ቤት ቀረ? በሬዎቹን ማን ወሰዳቸው? ስንቅ ማን ያደርስ ነበር?» የስንቅ ጥያቄ ከሁሉ ጥያቄ ይበልጣል። ስንቅ ያደረሰች ሴት መንገዱን በእግሯ ስለምታውቀው የአርበኛው ሰፈር የት እንደነበረ ከአዝማቹ ይልቅ በትክክል ትናገራለች። ሴቶቹም በስንቅ ብቻ አልነበሩም፤ ሸዋረገድ ገድሌ ከውስጥ አርበኝነት እስከ አሲናራ ግዞት ደርሳ ተመልሳ ዱር የገባች ሴት ናት። የሴቶቹን ታሪክ «የእገሌ ሚስት» ብላችሁ አትዝለሉት፤ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጻፉ።

ስም ስትጠይቁ አንድ ስም አይበቃም። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የፈረስ ስም፣ ቅጽል ስም፣ ከዚያም ማዕረጉን በየዘመኑ ያዙ። በላይ ዘለቀን በአባ ኮስትር እንጂ በሌላ የማያውቃቸው ሰው ብዙ ነው። አበበ አረጋይ በ1928 ባላምባራስ ነበሩ፤ ራስ የተባሉት ኋላ ነው። «ራስ አበበ» እያላችሁ የ1929ን ሰነድ ብትፈልጉ አታገኟቸውም።

የመሣሪያውን ስም እንደተነገራችሁ ጻፉ፤ ውጅግራ ከሆነ ውጅግራ፣ ለበን ከሆነ ለበን፣ ምንሽር ከሆነ ምንሽር። ከቤት ይዘውት የወጡት ነው ወይስ ከጠላት የተማረከ? የተማረከ ከሆነ ከየትኛው ውጊያ? ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ስለሆነ «በውጅግራ እያከታተለ ረፈረፈው» የሚል ወሬ ስትሰሙ ሁለት ታሪክ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ፉከራና ቀረርቶ ካለ ቃል ሳትለውጡ ቅዱት፤ ውስጡ የቦታና የሰው ስም አለ፣ ዜማው ስለያዘውም ከተራ ወሬ ይልቅ ሳይሸራረፍ ይቆያል።

መርዝ ጋዝን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ። «በጢስ አለቁ» የሚል ወሬ ሁሉ የማይጨው ዘመን አይደለም። ጋዙ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ በተከዜ በኩል ተጣለ፤ ግን በ1931 ሚያዝያ ገደማ በመንዝ ዘረት ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይም ተጠቅመውበታል። ስለዚህ ዓመቱን ከጋዙ አትገምቱ፤ ከቦታው ገምቱ።

የድምፅ ቅጂው በስልክ ይበቃል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ በተቀመጡት ሰው በኩል ከክንድ ባልራቀ ቦታ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመ የስኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውንና የጠያቂውን ስም በድምፅ ተናገሩ፤ እንዲቀረጹ ፈቃደኛ መሆናቸውንም ጠይቁና መልሳቸው ይቀረጽ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አታስቀምጧቸው። ሁለተኛ ቀን ስትመለሱ የመጀመሪያውን ቀን ወሬ እንደገና አንሡ፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የተነገረው ክፍል ጠንካራው ነው። ካርታ ይዛችሁ መሄድ ይጠቅማል፤ ማንበብ የማይችሉ ሰው እንኳን ወንዞቹን በጣታቸው እየተከተሉ ይመራችኋል።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት

በየቤቱ ከሚደርሰው ጥፋት የሚከፋው በደግ ልብ የሚደረግ ነው፤ የአያትን ወረቀት «እንዳይበላሽ» ብሎ ላሚኔት ማስደረግ። ማሽኑ በሙቀት ፕላስቲክ ያጣብቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ መለየት አይቻልም፤ ውስጡ ያለው አሲድም ወረቀቱን እየበላ ይቀጥላል። የተቀደደውንም በፕላስተር አታጣብቁ፤ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ቀለሙን ይውጣል። ፌስታል ውስጥ አታኑሩ፤ እርጥበት ይይዛል። ንጹሕ ነጭ ፖስታ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይበቃል። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የዘመኑ ማመልከቻዎች ብዙዎቹ እርጥበት ሲነካው ወይን ጠጅ በሚሆን እርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ብትጠርጉት ፊደሉ ዓይናችሁ እያየ ይፈስሳል።

ስካን ስታደርጉ በ600 ዲ.ፒ.አይ.፣ በቀለም፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ጀርባው ባዶ ቢመስልም አንሡት፤ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ በቀጭን እርሳስ የተጻፈ ስም እዚያ ነው የሚገኘው። ስካነር ከሌለ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ወረቀቱን አስተኝታችሁ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ፍላሽ አታብሩ።

ሜዳይ ካለ አታብሱት፣ በሎሚም አትወልውሉት። ከነፃነት በኋላ ለአርበኞች የተሰጠው ሜዳይና ለስደተኞች የተሰጠው የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱን ሳትለዩ «የአርበኝነት ሜዳይ» ብላችሁ አትጻፉ። የስደት ሜዳይ ከሆነ ፍለጋችሁ ከዱር ወደ ካርቱም፣ ወደ ኬንያ ወይም ወደ ኢየሩሳሌም መዞር አለበት። ሪባኑንም አብራችሁ አንሡ። የመሬት ወረቀትም ፈልጉ። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት ስለሰጠ የርስት ደብተሩ ወይም ማመልከቻው ውስጥ «በእገሌ ጦር ስለተዋጋ» የሚል ቃል ሊኖር ይችላል። ለመሬት ሲባል የተጻፈ ማመልከቻ ግን ያጋንናል፤ አገልግሎቱን አምስት ዓመት ሙሉ ያደርገዋል። አንብቡት፣ ግን ከሌላ ማስረጃ ጋር አስተያዩት።

ማኅደሩ የት እንዳለ

አዲስ አበባ ላይ ከሦስት ቦታ ጀምሩ። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የእጅ ጽሑፎች፣ ማስታወሻዎችና ያልታተሙ ጥናቶች አሉት። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ውስጥ የዘመኑን ጋዜጦች ጠይቁ፤ ጣልያን ያሳትመው የነበረውን «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ»ን ጭምር። እጅ የሰጡ ሹማምንትን ስም በፕሮፓጋንዳ መልክ የሚያወጣው እሱ ነው፤ የሚያሳፍር ቢሆንም ቀን አለው። ከ1933 ወዲህ ደግሞ «አዲስ ዘመን»ና «ሰንደቅ ዓላማችን» አሉ። ሦስተኛው የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ነው። አያታችሁ አባል ከነበሩ የመታወቂያ ቁጥራቸውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ሮም ላይ ሦስት ቤቶች አሉ። በኤውር ሠፈር የሚገኘው ማዕከላዊው የመንግሥት መዝገብ ቤት የግራዚያኒን የግል ሰነዶች ይዟል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ታሪካዊ መዝገብ ቤት የቀድሞውን የአፍሪካ ሚኒስቴር ፋይሎች፣ የጦር ኃይሉ የታሪክ ክፍል ደግሞ የጦሩን የየዕለት ማስታወሻ። ሁሉም ቀጠሮ ይፈልጋሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፣ ጣልያን አገሩን እንደገና ቆራርጦት ስለነበር የትግራይ ነገር ከአሥመራ ፋይል፣ የኦጋዴን ነገር ከሞቃዲሾ ፋይል፣ የጎጃምና የወሎ ነገር ከጎንደር ፋይል፣ የወለጋ ነገር ከጅማ ፋይል ውስጥ መሆኑን ነው። የተምቤን ሰው ታሪክ «ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ ሥር ሲፈለግ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የስም አጻጻፉም ሌላ ፈተና ነው። የጣልያን ጸሐፊ ቀ እና ከን፣ ጠ እና ተን አይለይም፤ ሀን ብዙ ጊዜ ይውጣታል፤ ወን በኡ ይጀምራል። ኃይሉ «አይሉ» ሆኖ ከአ ፊደል ተራ ይገኛል፤ ወርቄ ደግሞ ከኡ ተራ። ደጃዝማች «ደጊያክ» ተብሎ ያጥራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም አራትና አምስት አጻጻፍ አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ አዘጋጁ፤ በራሱ ስምም በአባቱ ስምም ፈልጉ። ሰነዱ ውስጥ አርበኛው አርበኛ አይባልም፤ «ሪቤሌ» ነው፣ ተከታዮቹ «ግሬጋሪ» ናቸው። «ሶቶሚሲዮኔ» ማለት እጅ መስጠት፣ «ኮንፊናቶ» ማለት ግዞተኛ ነው። «ፓሳቶ ፔር ሌ አርሚ» የሚል ካያችሁ ሰውየው ተረሽኗል። ይህን ቃል ከዘመዳችሁ ስም አጠገብ ልታገኙት ትችላላችሁና ብቻችሁን ሆናችሁ አታንብቡት።

ግዞተኛ ከሆኑ ቦታውን ለዩ። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ጣልያን የተጋዙት መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው በሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአሲናራ ደሴት፣ በፖንዛ፣ በቲቮሊ፣ በሜርኮልያኖ፣ በሎንጎቡኮ ተበትነው ነበር። ራስ እምሩ በፖንዛ ታሰሩ። ተራው ሰው ግን ወደ ጣልያን አልተሻገረም፤ አብዛኛው ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወደ ዳናኔ ወይም ወደ ዳህላክ ደሴቶች ወደ ኖክራ ነው የሄደው። «ወደ ባሕር ወሰዱት» የሚለው የቤተሰብ ቃል ሦስቱንም ሊሆን ስለሚችል ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ዘበኞቹ ቋንቋ ጠይቁ። ብርድና በረዶ ከተነሣ ጣልያን ነው። ጣልያን አገር ሄደው ያልተመለሱ ካሉ ደግሞ በመካከለኛው ጣልያን ያሉትን የማርኬን ተራሮች አትዝለሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ለኔፕልሱ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ተወስደው የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ኋላ በዚያ ከጣልያን ፓርቲዛኖች (ሽምቅ ተዋጊዎች) ጋር ሆነው ፋሺስትን ተዋግተዋል። ከመካከላቸው እዚያው የወደቁ አሉ፤ በአገራቸው ግን ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ለንደን፣ ኪው የሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ለስደተኞችና ለ1933ቱ ዘመቻ ዋናው ነው። የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጣል፤ መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ በራሳችሁ ስልክ ማንሣት ነፃ ነው። ካታሎጉን ከቤታችሁ በኢንተርኔት ፈልጉና የፋይል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ኤፍ ኦ 371 የውጭ ጉዳይ፣ ደብሊው ኦ 201 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር፣ ደብሊው ኦ 230 የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር፣ ሲ ኦ 533 የኬንያ ነው። ዘመዳችሁ ከደቡብ ጦር ሽንፈት በኋላ ወደ ኬንያ ከተሻገሩ፣ መጀመሪያ ኢሲዮሎ ኋላም ታቬታ ሰፈር ነበሩና የመጨረሻው ቁጥር የእናንተ ነው። በሱዳን በኩል ከሆነ «ሶባ» የሚለውን ስም ያዙ፤ በካርቱም አጠገብ ስደተኛ ወጣቶች በመኮንንነት የሠለጠኑበት ቦታ ነው። በጅቡቲ የተሰደዱ ከሆነ ሰነዱ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ባለው የፈረንሳይ የባሕር ማዶ መዝገብ ቤት ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ በተለይ ዕድለኞች ናችሁ። የተማረከው የጣልያን ጦር ሰነድ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ቲ 821 በሚል ቁጥር ይገኛል፤ ሮም ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ በሥራ ቀን ፈቃድ ወስዳችሁ ሁለት ሪል (የፊልም ጥቅል) ማየት ትችላላችሁ። የማውጫ ደብተሩን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ሪሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማገላበጥ ዓይን ያደክማል እንጂ አያስገኝም። ኢየሩሳሌም ያላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ገዳማትን አረጋውያን ጠይቁ፤ እቴጌ መነንን ጨምሮ ብዙ ስደተኛ እዚያ ተጠልሎ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ሰነዶችና የቀይ መስቀል ፎቶግራፎች ከጄኔቫ በነፃ በኢንተርኔት ይታያሉ፤ የጣልያኑ የሉቼ ተቋም የፊልም ክምችትም እንዲሁ። የሉቼን ፊልም ስታዩ የተቀረጸው ለፕሮፓጋንዳ መሆኑን አትርሱ፤ ሰልፉ የተዘጋጀ ነው፤ ተራራውና ቤተ ክርስቲያኑ ግን እውነተኛ ነው።

ሁለቱ ምንጮች ሲጣሉ

የጠላት ቁጥርና የቤተሰብ ቁጥር አይገጥሙም፤ ባይገጥሙም አትደንግጡ። ደብረ ሊባኖስን ውሰዱ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ግንቦት 13 ቀን 1929 የተረሸኑት መነኮሳት 297፣ ሌሎች ተባባሪዎች የተባሉ 23 ናቸው። ኋላ ቦታውን እየረገጡ፣ ምስክር እየጠየቁ ያጠኑ ተመራማሪዎች በአጠቃላይ የተገደሉትን ከ1,423 እስከ 2,033 አድርሰውታል። ቴሌግራሙ ሐሰት ነው ብሎ መጣል አይገባም፤ ቀኑንና ገዳዩን በገዳዩ እጅ ያረጋግጣል። ግን አለቃው ለአለቃው ያቀረበው የአንድ ቀን ሪፖርት ነው። በእናንተም ጉዳይ ሰነዱን ለቀንና ለቦታ፣ ምስክሩን ለሰውና ለምክንያት እመኑ።

የስም መመሳሰል ሌላው አደጋ ነው። በጎጃም ፋይል ውስጥ «ኃይሉ» የሚል ስም ስታገኙ ከጣልያን ጋር ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ወይስ አርበኛው ኃይሉ በለው? የአባት ስም ሳታዩ አንድ መስመር አትጻፉ።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ አለ። ሰነዱ ዘመዳችሁ ለሁለት ዓመት ባንዳ ሆኖ ደመወዝ እንደተቀበለ ሊያሳይ ይችላል። ይህን አትደብቁት፣ አትቸኩሉበትም። ገብቶ አድሮ መሣሪያ ከተቀበለ በኋላ ተመልሶ የሸፈተ ሰው ብዙ ነበር፤ በቀን የጣልያን ሹም፣ በሌሊት የአርበኛ ቀለብ ሰፋሪ የሆነም ነበር፤ ደግሞም ከልቡ የከዳ ነበር። የሚለያቸው ከነፃነት በኋላ የሆነው ነገር ነው፤ መሬቱ ተወረሰ ወይስ ተጨመረለት? ሹመት አገኘ? ጎረቤት ምን ይላል? የቤተሰብን ክብር እንጠብቅ ብሎ ሰነድ የሚቀድ ሰው የሌላውንም ቤት ታሪክ ነው የሚቀደው፤ በዚያው ወረቀት ላይ የሌላ ሰው አያት የሞተበት ቀን ይኖራልና። የተሰቀሉና አንገታቸው የተቆረጠ ሰዎች ፎቶም ታገኛላችሁ። ቤተሰቡ ሳያውቅ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት።

ሲጻፍ

ለአንድ ሰው ከሦስት ገጽ አይለፍ። እያንዳንዱ አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከሦስቱ አንዱን ምልክት አድርጉ፤ «ሰ» ሰነድ የታየ፣ «ቃ» ከቃል የተሰማ፣ «ግ» ግምት። ቃል ከሆነ የተናጋሪውን ስም፣ ሰነድ ከሆነ የመዝገብ ቤቱን ስምና የፋይል ቁጥሩን ጨምሩ። ቁጥሩን ያልጻፋችሁት ሰነድ ነገ ልጃችሁ እንደገና ሲፈልገው አይገኝም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የፋይል ስም በዓመት ይጀምር፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ የሰው ስም፤ እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። ሦስት ቅጂ አኑሩ፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ እጅ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለነገሯችሁ ሰዎች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «አይ፣ ያ ወንድሙ ነው» የሚል እርማት የሚመጣው ያኔ ነው። አርማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ የታተመ ቅጂ ለወመዘክር ወይም ለጥናት ተቋሙ ስጡ፤ አንድ ደግሞ ለተቀበሩበት ደብር። የድምፅ ቅጂውንም በፍላሽ አብራችሁ አስረክቡ፤ የተረከበውን ሰው ስምና ቀኑን በራሳችሁ ቅጂ ላይ መዝግቡ።